የሦስተኛዋ ጥርስ ቁጥር

ቁልፍ ሠሪውን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ክፈቱልኝ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ስልኩን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚሰማው ሰላምታ ሳይሆን «ክፈቱልኝ!» የሚል ጩኸት ነው። ቁልፉን መኪናው ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋው፣ ልጇ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የተቆለፈባት፣ ባሏን ከነጓዙ አስወጥታ በነጋታው ቁልፍ ለማስቀየር የምትቻኮለው፣ ሁሉም ይጠራዋል። ሲጠሩት እንደ አዳኝ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አመስግነው በሩን ከኋላው ይዘጉበታል። በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። መቼስ ሰው ቤቱ ገብቶ በሩን ባይዘጋ ኖሮ እሱም ሥራ ባልኖረው።

የሚኖረው ብቻውን ነው። ብቻውን ሲባል እንዲያው ለወሬ ያህል አይደለም። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የተወው ብርጭቆ ማታ ሲመለስ እዚያው፣ በዚያው አኳኋን ይጠብቀዋል። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ አንዲት ልጁ ከሄደች ሰባት። ልጁ የሄደችው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ነው፤ ምርቃት ተሰጥቷት መሄድ የነበረባት ልጅ ነበረች። እሱ ግን እናቷ በሞተች በዓመቱ ጥላኝ ልትሄድ ነው ብሎ ሆድ ባሰው። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሳለ፣ «ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትመጪ!» አላት። ይህ አልበቃ ብሎት፣ «ቁልፉንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ» ሲል ጨመረበት።

አላስቀመጠችም። ቁልፉን እንደጨበጠች ደረጃውን ወረደች።

ጋሽ ክፈቱልኝ ሰባት ዓመት የኖረው በዚህች ነገር ነው። ቁልፉን አላስቀመጠችም። ጨርሶ የማትመለስ ብትሆን ኖሮ ፊቱ ላይ ወርውራለት ትሄድ ነበር፤ እልኸኛ ናት፣ ያውም በማን ወጥታ! ታናሽ እህቱ በየሳምንቱ እየደወለች፣ «አንተ ደረቅ፣ አንዴ ብትደውልላት ምን ትሆናለህ?» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ቁልፍ አላት። ስትፈልግ ከፍታ ትገባለች።» እህቱም ተስፋ ቆርጣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ማውራት ትጀምራለች።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት የሆነው እንዲህ ነው። ከሱቁ ጠባብ መደርደሪያ ላይ መፍቻ ሲያወርድ ክርኑ የፒን ሳጥኑን ነካውና ሳጥኑ ከነሆዱ መሬት ላይ ተገለበጠ። ቁልፍ ሲቀየር ሰው በሩ ሁሉ የሚነቀል ይመስለዋል። አይነቀልም። ሲሊንደሩ ይወጣል፣ ውስጡ በስፕሪንግ ተወጥረው የተደረደሩት አምስት ትንንሽ የነሐስ ፒኖች ይራገፋሉ፣ ቁመታቸው በተለየ ሌሎች አምስት ይተካሉ። በቃ። የድሮው ቁልፍ እንደበፊቱ ይገባል፣ ግን አይዞርም። እነዚያ ፒኖች ናቸው እንግዲህ መቶ ምናምን ዓይነት ቁመታቸው ተደበላልቆ ወለሉ ላይ እንደ ሩዝ የተበተኑት። አንድ ሰዓት ሙሉ ተንበርክኮ ለቀመ፤ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ መለካት ጀመረ፤ አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ራሱን ታዘበና ሱቁን ዘግቶ አዲስ ሊገዛ ሄደ።

የእጅ መሣሪያ የምትሸጠውን ሴትዮ ባለሙያዎቹ በሌለችበት «እትዬ ሚስማር» ይሏታል። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች ናት፣ የምትናገረውም ይወጋል። ጋሽ ክፈቱልኝን ግን ትወደዋለች፤ ሲመጣ ቀልድ ታስቀምጥለታለች።

«ጋሼ! ዛሬ ምን እግር ጣለህ?»

«የፒን ሳጥን ፈልጌ ነው። ያንኑ የበፊቱን ዓይነት።»

ሁለት ሳጥን አምጥታ ባንኮኒው ላይ ከፈተችለት። አንዱ ክፍልፋዩ የበዛ ነው፤ ዓይን ያጭበረብራል።

«ይሄ ያንተው ነው፣ ረቂቁ» አለችው። «በአንዱ ፒንና በሚቀጥለው መሀል ያለው ልዩነት ከፀጉር ይቀጥናል። ምንም ያህል የተበላ ቁልፍ ይምጣ፣ ለዚያው ለተበላው ልኩን ታገኝለታለህ። ያኛው የፋብሪካው ነው። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ፣ አሥር ቁጥር ብቻ። ቁልፉ ፋብሪካው መጀመሪያ እንደቆረጠው ካልሆነ አይሠራልህም፤ የተበላ ከሆነ እንደ አዲስ ቆርጠህ ነው የምትጀምረው።»

ጋሽ ክፈቱልኝ ዕድሜውን ሙሉ የረቂቁ ሰው ነው። ደንበኛ ማጅራትህ ላይ ቆሞ «አላለቀም እንዴ?» እያለህ ማን ቁልፍ እንደ አዲስ ሲቆርጥ ይቀመጣል? የተሰጠህን ቁልፍ ትለካለህ፣ ለእሱ የሚሆን ፒን ትደረድራለህ፣ ትሄዳለህ። እጁን ወደ ረቂቁ ሳጥን ሰደደ።

«ቆይ ቆይ፣ ከመግዛትህ በፊት ጉድ ላጫውትህ» አለች እትዬ ሚስማር፣ ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ። «ባለፈው ሳምንት አንዱ የሙያ ጓደኛህ ይሄንኑ ሳጥን ሊመልስ መጣ። ምነው ብለው፣ የአንድ ትልቅ ሕንፃ የውጭ በር አስቸግሮ ጠርተውት ነበር። ጥበቃው ቁልፉን ሰጠው። አሥራ አምስት ዓመት የተሠራበት፣ ጥርሱ ያለቀ ቁልፍ። የኛ ሰው ለእሱ ልክ ፒኑን ደረደረና ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ማታ ነዋሪው ከሥራ ተመለሰ። ሁሉም ደህና ቁልፍ ይዟል። ይገባል፣ አይዞርም! ሃያ ሰው ደጅ ላይ! ጥበቃው ብቻ እየከፈተ ይገባል ይወጣል፣ የቤቱ ባለቤት መስሎ!»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጋሽ ክፈቱልኝም ፈገግ ብሎ ነበር። ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ ቀረና እዚያው ደረቀ።

የራሱ በር ትዝ አለው። የዛሬ ሦስት ዓመት የቤቱ ሲሊንደር እየያዘ አስቸገረው። ፒኖቹ አርጅተው ነበር። አንድ እሑድ ነቅሎ ሱቁ ወሰደው፣ እንደ ልማዱ ከኪሱ የራሱን ቁልፍ አውጥቶ ለካ፣ ከረቂቁ ሳጥን እየመረጠ ለዚያ ልክ ደረደረ፤ አሮጌዎቹን ፒኖች ጠርጎ ጣለ። በሩ እንደ ቅባት ለሰለሰለት። በሥራው ኮርቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶታል። ቁልፉ ግን ያን ጊዜ ሃያ ምናምን ዓመት፣ ጠዋትና ማታ፣ ከሌላ አሥር ቁልፍ ጋር ኪሱ ውስጥ እየተፋጨ የኖረ ነበር።

ሲሊንደሩ ሲገዛ ሁለት ቁልፍ ነበረው። አንዱ የእሱ፣ አንዱ የሚስቱ። ሚስቱ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአልጋ ስለማትወርድ ቁልፏ መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረው፤ ሊበላ ጊዜ አላገኘም። ስትሞት ልጅቷ ወሰደችው። ደረጃውን ስትወርድ የጨበጠችው ያንን ነው።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ? ውሃ ላምጣልህ?»

«የፋብሪካውን ስጪኝ።»

«ውይ! ቀልዴን እኮ ነው፣ አንተ እንደዚያ አታደርግም!»

«አድርጌያለሁ፣ እህቴ» አላት። «የፋብሪካውን ስጪኝ።»

ወደ ሱቁ ተመልሶ መቁረጫውን አስነሳ። የራሱን የተበላ ቁልፍ ለካና እያንዳንዷ ጥርስ መጀመሪያ ስንት ቁጥር እንደነበረች ወደ ኋላ ማስላት ያዘ። አንደኛዋ ሁለት ናት፣ አያጠያይቅም። ሁለተኛዋ አምስት። አራተኛዋ አንድ፣ አምስተኛዋ ስድስት። ሦስተኛዋ ግን እንቢ አለች። ወይ ክፉኛ የተበላች ሦስት ናት፣ ወይ ብዙም ያልተበላች አራት። ሁለቱንም ቆረጠና ቤቱ ሄዶ ሞከረ። የመጀመሪያው ቁልፍ እስከ አንገቱ ገባ፤ አልዞረም። ሁለተኛውም ገባ፤ አልዞረም።

በሩ ለልጁ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። የዘጋውም ራሱ ነው፣ በገዛ እጁ፣ እየኮራ።

ለነገሩ አልመጣችም አለ ለራሱ። ያልመጣ ሰው ላይ በር ቢዘጋ ምን ይጎዳል? ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ፣ አላየሁም አልሰማሁም ነው። ሲሊንደሩን ነቅሎ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋና ፈታታው። በሩ ላይ ክብ ቀዳዳ ቀረ፤ በዚያ በኩል የደረጃው ብርሃን ገባ።

ሁለት፣ አምስት፣ አንድ፣ ስድስት በየቦታቸው ገቡ። የሦስተኛዋ ጉድጓድ ባዶ ቀረች። አንድ ዘዴ አለ፤ ያውቀዋል። በሦስት ቁጥሯ ፒን ላይ ስስ የነሐስ ዝርግ ቢደረብ ሦስትም አራትም ይከፍታል፤ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ዝርጉን በወረንጦ አንስቶ ጉድጓዷ አፍ ድረስ አደረሰው። ነገር ግን የዚያን ያህል የሳሳ ነገር አንድ ቀን ይገለበጥና በሩን ከነቁልፉ ነክሶ ይይዛል። ከሰው በር ላይ ስንቱን እንዲህ ያለ ሥራ እየተሳደበ ነቅሏል! ዝርጉን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ጣለው።

የቀረው ልጁን መጠየቅ ነው። ቁጥሯ ስልኩ ውስጥ አለ፤ እህቱ በገዛ እጇ «ልጅህ» ብላ መዝግባለታለች፣ ማን እንደሆነች እንዳይረሳ ይመስል። ሰባት ዓመት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። መጀመሪያ ስለ እናቷ፣ ከዚያ ስለዚያች ቀን፣ ከዚያ ይቅርታ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

«ሃሎ?»

«እኔ ነኝ» አለ፤ ንግግሩ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋበት።

ከኋላዋ የሰዎች ድምፅ ይሰማል። «ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። የቁልፍ ነገር ነው።»

«የምን ቁልፍ?»

«የቤቱ። አንቺ ጋ ያለው። ሦስተኛዋ ጥርስ… ሦስት ናት አራት? እስቲ እያት።»

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰባት ዓመት ቆይተህ የደወልከው ጥርስ ልታስቆጥረኝ ነው?»

ተንተባተበ። ስለ ረቂቁ ሳጥን፣ ስለ ፋብሪካው ሳጥን፣ ለራሱ ቁልፍ ልክ ስለደረደራቸው ፒኖች ነገራት። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱም አይገባውም ነበር። እሷ ግን በዚያ ሱቅ ውስጥ ያደገች ናት። መሀል ላይ አቋረጠችው።

«ቆይ። መቼ ነው ይሄን ያደረግከው?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

ወጣ ወዳለ ቦታ የሄደች ይመስላል፣ የሰዎቹ ድምፅ ራቀ።

«እኔ የመጣሁት አምና ክረምት ነው» አለች።

«የት?»

«እዚያ። በርህ ላይ። አክስቴ ሳንባውን ታሞ ተኝቷል ብላ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ቤት ገብቼ፣ ልብስህን ይዤልህ ወደ ሆስፒታል ልመጣ ነበር። ቁልፉ ገባ። አልዞረም።»

ጋሽ ክፈቱልኝ ወንበሩን በእጁ ፈለገ።

«ገብቶ የማይዞር ቁልፍ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አለች። «ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሽቶ ነው ይል ነበር። እኔ ግን አወቅኩ። ቀይሮብኛል አልኩ። አትመለሺ ያለኝን የእውነቱን ነው አልኩ። ደረጃው ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጬ በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስኩ። አክስቴን መምጣት አልቻልኩም አልኳት።»

«አልቀየርኩብሽም! ልጄ፣ በእናትሽ፣ አልቀየርኩብሽም! ያንቺ ቁልፍ ትክክል ነበር፣ የተበላሸው የኔ ነው። ያንቺን አላሰብኩትም፣ ይኸው ነው ጥፋቴ።»

«አላሰብከውም» አለች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«አሁን ላስተካክለው ነው። ሦስተኛዋን ብቻ እይልኝና ዛሬውኑ…»

«የለም አባባ።»

«ምኑ?»

«ቁልፉ። አውቶቡስ ጣቢያው ያለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «የእማዬን ቁልፍ ጣልኩት።»

«ምናልባት ታስታውሻት እንደሆነ…»

«አላስታውስም። ሥራ ላይ ነኝ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

አምና ክረምት አራት ቀን ተኝቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን ነርሷ መጥታ፣ «አባት፣ ቅያሪ ልብስ የሚያመጣልዎት ሰው ማን እንበል?» ስትለው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ሰው የለኝም» አላት። አሁን ሲያስበው፣ ያን ሰሞን ልጁ ደረጃው ላይ ነበረች። ቤቱ ጠበበውና ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የትኛው ደረጃ ላይ እንደተቀመጠች አያውቅም፤ በሩ ከሚታይበት ከሦስተኛው ላይ ሆነ።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ዘንቢሏን ይዛ ስታልፍ አየችውና ሳቋ መጣ። «ጋሽ ክፈቱልኝ! ዛሬ ደግሞ አንተም ተቆለፈብህ?»

«ተቆለፈብኝ» አላት።

ቀልድ መስሏት እየሳቀች ወጣች። እሱም ተነስቶ ገባ።

ጠረጴዛው ላይ ሲሊንደሩ እንደተፈታ ነው። አሁን እንኳ ነገሩ ቀላል ነበር። የእናትየዋ ቁልፍ ከዓለም ላይ ጠፍቷል፤ ሦስትም ያግባ አራት፣ የሚጠይቀው የለም። ለራሱ ከሁለቱ ለየትኛውም የሚሆን ቁልፍ ቆርጦ በኪሱ ይዟል። የሦስት ቁጥሯን ፒን አነሳ፣ አየት አደረገና መልሶ አስቀመጠ። የአራቷን አነሳ፤ እሷንም አስቀመጠ። የተሳሳተውን ቢያገባ ይህ በር የሚስቱም የልጁም በር አይደለም፤ የሆነ ሌላ ሰው በር ነው። እሱን ደግሞ ሊገባበት አልፈለገም። ሻይ አፍልቶ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጨርቁን ለቆ ወለሉ ላይ ወረደ። እንዲያ እጁን አጣጥፎ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ አያውቀውም፤ እንደዚያን ቀን ብቸኝነቱ ገላው ላይ ተሰምቶት አያውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ ትመጣለች እያለ ነበር የኖረው፤ የምትጠበቀው ሰው ለካ መጥታ ሄዳለች።

ስልኩ ጮኸ። ማን እንደደወለ ሳያይ አነሳውና እንደ ልማዱ፣ «አቤት፣ የት ነው የተቆለፈብዎት?» አለ።

«አራት ናት» አለች ልጁ።

«ምን?»

«ሦስተኛዋ። አራት ናት። ልጅ ሆኜ መለኪያህን ሰጥተኸኝ መጀመሪያ የለካሁት ቁልፍ የእማዬ ነው። እማዬ ስትታመም ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ በጣቴ እየዳሰስኩ እቆጥራት ነበር። ሁለት፣ አምስት፣ አራት፣ አንድ፣ ስድስት።»

ጋሽ ክፈቱልኝ ጨርቁ ላይ ያለውን ሲሊንደር አየ። የቀሩትን አራት ቁጥሮች አልነገራትም ነበር።

«ልክ ነሽ» አለ።

«ቁልፉን ቆርጠኸዋል?»

«ለኔ አንድ ቆርጫለሁ።»

የዘጋች መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው፤ አልዘጋችም።

«ሁለት ቁረጥ» አለች፤ ከዚያ ዘጋችው።

ስልኩን አስቀምጦ ወረንጦውን አነሳ። የአራት ቁጥሯ ፒን ከፊቱ ናት፤ ሊይዛት ቢሞክር አመለጠችው፣ ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ አመለጠችው። ዓይኑ ሞልቶ አላይ ብሎት ነበር። መነጽሩን አውልቆ በእጅጌው ጠረገና እንደገና ጀመረ።